የብረታ ብረት ኢንዱስትሪና የገበያው ተስፋ በኢትዮጵያ፤ ሰንጋ ተራ በምሳሌነት

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚያስረዳው፣ በቀድሞው ዘመን የእርድ ከብት የሚሸጥበትና የሚገዛበት ስፍራ ነበር። ዛሬ በዚያ የሚታየው ሰንጋ ሳይሆን ብረትና ሲሚንቶ ነው። የኅብረት፣ የንብና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በዚሁ አካባቢ ቆመዋል፤ ከዚያም ብዙ ሳይርቅ ቁመቱ 209 ሜትር የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። በ40/60 የቁጠባ ቤቶች መርሐ ግብር በመጀመሪያ ዕጣ ከወጣባቸው ስፍራዎች አንዱ ሰንጋ ተራ ሲሆን፣ ጊዜውም 2009 ዓ.ም. ነበር። የከተማው ቀላል ባቡርም በልደታ፣ በተግባረ ዕድና በሜክሲኮ በኩል ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ ድልድይ ላይ ያልፋል።

ይህን ሁሉ አጽንቶ ያቆመው በኮንክሪት ውስጥ የተሸሸገው ብረት ነው። በተለመደው የሕንፃ ሥራ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ እንደ ምሰሶው፣ እንደ ወለሉና እንደ መሠረቱ ዓይነት፣ ከ80 እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚደርስ ፌሮ ይወስዳል። እንግዲህ በሰንጋ ተራ ዙሪያ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በግድግዳና በመሠረት የታቀፈው ብረት ምን ያህል ብዙ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ይህ ብረት ከየት መጣ? ማንስ ሠራው? ዋጋውንስ ማን ወሰነው? የሚሉት ጥያቄዎች ለመሐንዲስና ለነጋዴ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። ለቤት ሲቆጥብ የኖረ ቤተሰብ ቤቱን መቼና በስንት እንደሚያገኝ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የብረት ዋጋ ነውና።

የገበያው ቃላት ራሳቸው የነገሩን ታሪክ በከፊል ይናገራሉ። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቤርጋ፣ ቱቦላሬ የሚሉት ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ማረሻ፣ ማጭድ የሚሉት ደግሞ የባለ እጁ የጥንት ቃላት ናቸው። ይህም ማለት የአገሩ ሰው ብረትን ከጥንት ጀምሮ ቢያውቀውም፣ ፋብሪካ የሠራውን ብረት የተዋወቀው ግን ተሠርቶ፣ ስም ወጥቶለትና በመርከብ ተጭኖ ከመጣ በኋላ ነው።

ብረት ማውጣትና ብረት መዳመጥ

ስለ ብረት ኢንዱስትሪ ሲነገር ዘወትር የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብረትን ከማዕድኑ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተሠራን ብረት አግሎና ዳምጦ ለገበያ በሚሆን ቅርጽ ማውጣት ነው። የብረት ማዕድን ከኦክሲጅን ጋር የተጣመረ ብረት ያለበት ድንጋይ ነው። ኦክሲጅኑን ለማስለቀቅ ካርቦንና ታላቅ ሙቀት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ በሰፊው በሚሠራበት የረጅም ምድጃ ዘዴ አንድ ቶን ብረት ለማግኘት በአማካይ 1,370 ኪሎ ግራም ያህል ማዕድን፣ 780 ኪሎ ግራም ያህል የድንጋይ ከሰልና 270 ኪሎ ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ይፈጃል። ከምድጃው የሚወጣው ጥሬ ብረት አራት በመቶ ገደማ ካርቦን ስለሚይዝ ሲመቱት ይሰበራል። ካርቦኑ እየተቃጠለ ከአንድ በመቶ በታች ሲወርድ ነው አባቶች አረብ ብረት የሚሉት፣ የሚተጣጠፍና የሚጠነክር ብረት የሚገኘው። ለሕንፃ የሚውለው ፌሮ የካርቦን ይዘቱ ከዚያም ያነሰ፣ 0.2 በመቶ ገደማ ነው።

የኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ ያደገው ይህን ቅደም ተከተል ይዞ አይደለም፤ ከመጨረሻው ደረጃ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚጓዝ ነው። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአቃቂና በቃሊቲ የተቋቋሙት ፋብሪካዎች ከውጭ የገባ ብረት ይዳምጡ፣ ቁርጥራጭ ያቀልጡ፣ ምስማርና ቆርቆሮ ይሠሩ ነበር። ትላልቅ የግል ፋብሪካዎች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ እነዚህም ወደ መንግሥት ይዞታ ገቡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተጨመረ፤ ዓላማውም ለስኳር፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለመሳሰሉት ፋብሪካዎች የሚያስፈልገውን መለዋወጫ በአገር ውስጥ መሥራት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ባለ ሀብቶች በቢሾፍቱ፣ በዱከም፣ በዓለም ገናና በሌሎችም ከተሞች የፌሮ መዳመጫዎችንና የኤሌክትሪክ ማቅለጫዎችን አቋቋሙ።

በእነዚህ ፋብሪካዎች የሚሠራው ሥራ በሁለት መንገድ ይከናወናል። በአንደኛው መንገድ ቢሌት የሚባለው ወፍራም ባለ አራት ማዕዘን የብረት ግንድ ከውጭ ይገባል፤ በምድጃ ግሎ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ሲደርስ በተከታታይ መዳመጫዎች መካከል እያለፈ እየቀጠነና እየረዘመ ፌሮ ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ ውዳቂ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ቀልጦ ቢሌቱ ራሱ በአገር ውስጥ ይሠራል። ሁለተኛው መንገድ የውጭ ምንዛሪን በእጅጉ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አንድ ቶን ለማቅለጥ ከ500 እስከ 700 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። የኤሌክትሪኩ ብዛት ብቻም ሳይሆን አለመቋረጡ ወሳኝ ነው። ምድጃው ሞልቶ ሳለ መብራት ቢጠፋና ቢቆይ፣ የቀለጠው ብረት በውስጡ ረግቶ የምድጃውን የውስጥ ልባስ ያበላሻል። ልባሱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ደግሞ የቀናት ሥራ ማቆም ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ለብረት አቅላጮች የሚሰጠው ጥቅም መመዘን ያለበትም ከኃይሉ መጠን ይልቅ፣ ያ ኃይል ሳይቆራረጥ ከምድጃው ደጃፍ በመድረሱ ነው። ይህም የማከፋፈያ ጣቢያዎችና የሽቦዎች ጉዳይ ነው።

የቆራሌው ብረት

ውዳቂ ብረት የሚጀምረው ከቆራሌው ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰብሳቢ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ አልጋ፣ ያረጀ ድስትና ጣሳ ይገዛል። የሰበሰበውንም ለጅምላ ገዢ ያስረክባል፤ ከፊሉ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ መጥበሻና መዝጊያ ሆኖ ይመለሳል፤ ከፊሉ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል። ይህ ሥራ በስታቲስቲክስ መጽሐፍ ውስጥ ጎልቶ አይታይ እንጂ የአገሪቱ ብረት ማቅለጫዎች አንዱ እግር የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ውዳቂ ብረት እንደ ልብ አይገኝም። ምክንያቱም በሰብሳቢዎቹ ትጋት ማነስ ወይም በነጋዴዎች ማከማቸት ብቻ የሚመካኝ አይደለም፤ ከዚያ የጠለቀ ነው። አንድ አገር ዛሬ የሚያገኘው ውዳቂ ብረት ከብዙ ዓመታት በፊት የተጠቀመበት ብረት ነው። መኪና ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ይወድቃል፤ በሕንፃ ውስጥ ያለ ፌሮ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከሠላሳና ከዐርባ ዓመት በፊት እጅግ ጥቂት ብረት የተጠቀመች አገር ዛሬ ብዙ ውዳቂ ብረት ልታገኝ አትችልም። በልደታና በአካባቢው አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ለአዳዲስ ሕንፃዎች ስፍራ ሲለቁ የታየውም ይኸው ነው። የፈረሱት ቤቶች አብዛኞቹ የጭቃና የእንጨት ነበሩ፤ ለብረት ገበያ ያተረፉት ከጣራ ቆርቆሮና ከምስማር ብዙም የማያልፍ ነበር። ቆርቆሮ ደግሞ ስስ፣ ዝገት የበላውና በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ፣ በምድጃ ውስጥ ብዙው ተቃጥሎ የሚጠፋ ደካማ ጥሬ ዕቃ ነው። ዛሬ በሰንጋ ተራ የቆሙት ሕንፃዎች ወፍራሙን ብረታቸውን ለምድጃ የሚያስረክቡት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የገባው ተማሪ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

በብዛቱ ላይ የጥራቱ ነገር ይጨመራል። በውዳቂ ብረት መካከል የመዳብ ሽቦ ተደባልቆ ከቀለጠ መዳቡን መለየት አይቻልም። መዳብ ከብረት ይልቅ ከኦክሲጅን ጋር ለመጣመር የዘገየ ስለሆነ ብረቱን በማቃጠል አይወጣም፤ ብረቱ ግሎ በሚዳመጥበት ጊዜ ላዩ እንዲሰነጣጠቅ ያደርጋል። ፎስፎረስ ሲበዛ ደግሞ ብረቱ በብርድ ጊዜ ይሰበራል። በአገራችን በብዛት የሚሠራበት የኢንዳክሽን ምድጃ እነዚህን ቆሻሻዎች የማስወገድ ችሎታው አነስተኛ በመሆኑ፣ መጥፎ ብረት ገብቶ ጥሩ ብረት አይወጣም። ስለዚህ ውዳቂውን ከማቅለጥ በፊት በዓይነት የሚለዩት ሠራተኞች፣ ብዙ ጊዜ ሙያ የሌላቸው የቀን ሠራተኞች ተደርገው ቢታዩም፣ የፌሮውን ጥራት ከሚወስኑት ዋነኞቹ ናቸው።

ዋጋው የሚወሰነው የት ነው?

ቢሌት የሚሸጠው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የፋብሪካዎቹ ዋነኛ ችግር ዶላር ለማግኘት ወረፋ መጠበቅ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ብዙዎቹ ከአቅማቸው በታች ይሠሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረፋው ሲቀንስ ዋጋው ጨመረ። በቁጠባ ቤት ለሚጠብቅ ሰው ሁለቱም የሚያመጡት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ በፊት መዘግየት፣ አሁን ደግሞ መወደድ።

በውዳቂ ብረት ብቻ የሚሠራ ፋብሪካ ከዚህ ያመልጣል ብሎ ማሰብ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን አያመልጥም። ቢሌት ሲወደድ ፋብሪካዎች ወደ ውዳቂ ብረት ይሻማሉ፤ የውዳቂውም ዋጋ ተከትሎ ይወጣል። በመሆኑም በአዲስ አበባ መንደር ውስጥ አንድ ሰብሳቢ ለአሮጌ አልጋ የሚከፍለው ዋጋ በቻይናና በቱርክ የቢሌት ዋጋ የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተመረተው 1.9 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ብረት ከግማሽ በላዩን ያመረተችው ቻይና ስትሆን፣ በአገሯ የቤት ግንባታ ሲቀዘቅዝ የተረፈውን ወደ ውጭ ትልካለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የላከችው ከ110 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ይህን ያህል ብረት በርካሽ ሲወጣ ለገዢ ደስታ፣ ለታዳጊ አገር አምራች ግን ፈተና ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት መሆኗ እዚህ ላይ ሁለት ገጽ አለው። ከጅቡቲ የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ የውጭውን ፌሮ ስለሚያስወድደው ለአገሩ ፋብሪካ እንደ ቀረጥ ሆኖ ይከላከልለታል፤ ያው ዋጋ ግን በቢሌቱና በመለዋወጫው ላይም ይከፈላል።

የፍላጎቱን ነገር በተመለከተ፣ የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር የአገሪቱን የነፍስ ወከፍ የብረታ ብረት ፍጆታ ከ12 ኪሎ ግራም ወደ 34.72 ኪሎ ግራም ለማድረስ አልሞ ነበር። የዓለም አማካይ ፍጆታ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ይህን ልዩነት ተመልክቶ ገበያው ወሰን የለውም የሚል ሰው ይገኛል፤ አነጋገሩ ግን ችኩል ነው። መፈለግና መግዛት መቻል አንድ አይደሉምና። ፍላጎቱ በእርግጥ ያድጋል፤ ከተሞች ይሰፋሉ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፣ ሣር ክዳን በቆርቆሮ ይተካል። ነገር ግን የፌሮ ገበያ የመንግሥት ግንባታ ሲጨምር የሚያብጥ፣ ሲቀንስ የሚሟሽሽ ነው። በአንድ የዕቅድ ዘመን የተተከለ መዳመጫ በሚቀጥለው ዘመን ሥራ ፈትቶ ሊቆም ይችላል። ብዙ ባለ ሀብቶች በፌሮ ላይ መረባረባቸውና በቆርቆሮ ጥቅልና በላሜራ በኩል አለመድፈራቸውም ምክንያት አለው። ፌሮ በአነስተኛ ፋብሪካ ይሠራል፤ ሰፊ ላሜራ ግን ለማምረት እጅግ ከፍተኛ መዋዕለ ንዋይና በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ገበያ ይጠይቃል። ስለሆነም አገሪቱ ጥቅሉን አስመጥታ በአገር ውስጥ ማሸብሸቧና ቱቦላሬ ማድረጓ ገና ለብዙ ጊዜ የሚቀጥል ይመስላል።

ማዕድኑን ስለ ማውጣት

በወለጋ፣ በጊምቢ አጠገብ የሚገኘው የቢቅላል የብረት ማዕድን ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚገመት በጥናት ተመልክቷል። በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣ አካባቢም የብረት ማዕድን አለ። ማዕድን አለ ማለት ግን ብረት አለ ማለት አይደለም። የብረት ይዘቱ 40 በመቶ ከሆነ ማዕድን አንድ ቶን ብረት ለማግኘት ቢያንስ ሁለት ቶን ተኩል መቆፈር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲሰላ 50 ሚሊዮን ቶን በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ብረት ለሚያመርት ፋብሪካ የሃያ ዓመት ስንቅ ነው። የቢቅላል ማዕድን በተጨማሪ ከቲታኒየምና ከፎስፎረስ ጋር የተቀላቀለ ነው። ቲታኒየም የምድጃውን ዝቃጭ አወፍሮ ሥራውን ያስቸግራል። የረጅም ምድጃ የሚጠይቀው ኮክ የሚሆን የድንጋይ ከሰል ነው፤ የያዩና የመሰሎቹ ከሰል ግን ለዚህ የሚሆን ዓይነት አይደለም።

ሌላ መንገድ አለ። ህንድ ኮክ የማይሆን ከሰል ተጠቅማ ማዕድኑን ሳታቀልጥ ኦክሲጅኑን በማስለቀቅ፣ ስፖንጅ የሚመስል ብረት በአነስተኛ ፋብሪካዎች ታመርታለች፤ በዚህም ዘዴ በዓለም ቀዳሚ ሆናለች። የተፈጥሮ ጋዝ ያላቸው አገሮች ይህንኑ በጋዝ ያደርጉታል፤ የኦጋዴን ጋዝ በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ዘዴው ለአባቶች እንግዳ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የዲሜ ሕዝብ ብረት ያወጣ የነበረው ልክ በዚህ መንገድ፣ ብረቱ ሳይቀልጥ በከሰልና በወናፍ ኃይል ከድንጋዩ እንዲለይ በማድረግ ነበር። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነውና በወናፍ ማድረስ እጅግ ያስቸግራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የነሐስ እንጂ የብረት ያልነበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ነሐስ በ950 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል።

ትልቅ ፋብሪካ በመትከል ብቻ የብረት አገር መሆን እንደማይቻል የሌሎች አገሮች ታሪክ ያሳያል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቋቋመችው የሄልዋን የብረት ፋብሪካ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከሠራ በኋላ በ2021 እንዲዘጋ ተወሰነ። ናይጄሪያ በአጃኦኩታ ያቋቋመችው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ግዙፍ ፋብሪካ፣ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ ብረት በገፍ ሳያመርት ዘመናት አልፈውታል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የደቡብ ኮሪያው የፖሃንግ ፋብሪካ በ1973 ማምረት ጀምሮ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ኮሪያ ማዕድኑንም ከሰሉንም በብዛት የምታስመጣው ከውጭ ነበር። የነበራት ወደብ፣ በጊዜ የተጠናቀቀ ግንባታ፣ ብረቱን ተቀብሎ መርከብና መኪና የሚሠራ ኢንዱስትሪና የሠለጠነ ሰው ነው። ከእነዚህ ኢትዮጵያ በራሷ ፈቃድ ቶሎ ልታገኘው የምትችለው የመጨረሻውን ነው።

ሙያው የሚገኝበት ስፍራ

ከሰንጋ ተራ እምብዛም በማይርቀው ስፍራ፣ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ይገኛል፤ የባቡሩ ጣቢያም ስሙን ወርሷል። ትምህርት ቤቱ ሲቋቋም ብረት ቀጥቃጭ በብዙ አካባቢ እንደ ቡዳ የሚታይበት ዘመን ገና አላለፈም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ራሱ ምስክር ነው። ትውልድ ባለፈ ቁጥር ብየዳ፣ ቅርጻ ቅርጽና የመኪና ጥገና የተከበረ እንጀራ ሆነዋል፤ የብረት ማቅለጥ ሙያ ግን አሁንም በቂ ተማሪ የለውም። የምድጃ ልባስ የሚሠራ፣ የመዳመጫውን ሮለር ልክ የሚያወጣ፣ የቀለጠውን ብረት ይዘት መርምሮ ካርቦኑንና ማንጋኒዙን የሚያስተካክል ባለሙያ በብዙ ፋብሪካ ከውጭ አገር ይመጣል፤ ደመወዙም በዶላር ይከፈላል።

ለዚህ ትምህርት መግቢያ የሚሆን መሣሪያ በየግንባታው ስፍራ ይገኛል። ፌሮ በገበያ የሚሸጠው በቤርጋ ሲሆን፣ የአንድ ቤርጋ ርዝመት 12 ሜትር ነው። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ ግራም የሚገኘው የውፍረቱን ሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ሜትሩ 0.89 ኪሎ ግራም፣ ቤርጋው 10.7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። «ባለ 12» ተብሎ የተሸጠው በእውነቱ ባለ 11 ከሆነ ቤርጋው 9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይሆናል፤ በዓይን የማይለይ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት 16 በመቶ ብረት ያጎድላል። ደረጃዎች መጠነኛ መለዋወጥን ቢፈቅዱም ይህን ያህል አይፈቅዱም። ጉድለቱ በገዢው ኪስ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ያሰላው ምሰሶ የሚሸከመውም በዚያው መጠን ያንሳል። ለምርመራው የሚያስፈልገው አንድ ሜትር የፌሮ ቁራጭ፣ ሜትርና ሚዛን ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይፈጽመዋል።